የዩፎኒየሙ ወንበር

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ቀለመ ወርቅ ካሣሁን
ንፋስ መውጫ

ጤናዎን ከነቤተሰብዎ፣ ከነተማሪዎችዎ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከጀርመን ትምህርቴን ጨርሼ ከተመለስኩ ወዲህ የሚያስቸግረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ ቱባ የሚያህል ብረት ታቅፎ ሰልፍ የሚውል ሰው ጉልበቱን ቢያመው አይገርምም። እትየ ውባለምን እጅ ነሥቷል በሉልኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሙዚቃ ክፍላችን ዩፎኒየም ይነፉ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ወጡ። ዩፎኒየም የቱባ ታናሽ ወንድም ነው፤ እንደ ሕፃን ጭን ላይ የሚታቀፍ፣ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ መለከት። ሻምበላችን «ሰው ፈልግና አንተው አስተምረው» ብሎኛል። ወንበሩ አንድ ነው። ከሲቪል የመጣም ይቀጠራል። ደመወዝ፣ ቀለብና ልብስ አለው፤ ምድቡም እዚሁ ከተማ ነው። ይህን እርስዎ ይረዱታል።

ልጅዎ ይሁኔ ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት እንደሚሞላው አውቃለሁ፤ ክርስትናው ላይ ነበርኩ። ለሌላ ሰው ሳልናገር ለእርስዎ ጻፍኩ። ይላኩልኝ።

ያጎትዎ የልጅ ልጅ፣
ሃምሳ አለቃ ቻላቸው ወልደማርያም


ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሃምሳ አለቃ ቻላቸው

የአባትህ አምላክ ይጠብቅህ፤ ጉልበትህንም ይማርልህ። እኛ ደህና ነን እንላለን። ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ቆመ። ስማዳ በኩል ከዚህ የባሰ ነው፤ ከዚያ የሚመጡ ተማሪዎቼ ጠዋት ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆሙ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል።

«ይህን እርስዎ ይረዱታል» የሚል ዓረፍተ ነገር አልወድም። ተማሪ ቢጽፍልኝ በቀይ እሰርዘዋለሁ። በግልጽ እንነጋገር። ምድቡ ከተማ ነው ማለት ግንባር አይደለም ማለት ነው። ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና የሚጠራበት ዕድሜ ደርሷል፤ አንተ ደግሞ መትረፊያ አግኝተህለታል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ይህን ከልቤ ነው የጻፍኩት። ቁጣዬ ከዚህ ቀጥሎ ነው።

ዩፎኒየም የሚነፋ ሰው ኑሮው ምንድን ነው? ዛሬ ተቀጠረ እንበል፤ ያ ክፍል ቢዘጋ የት ይሄዳል? ሲያረጅስ? አንድን ወጣት ከትምህርቱ አስነሥቼ ወደማላውቀው ሥራ ከመስደዴ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሌላው ጥያቄ ይበልጣል። ወንበሩ የማን ነው? የመንግሥት ከሆነ የሚገባው ለሚችል ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ በፈተና ሳሳልፍና ስጥል ኖሬ የራሴን ልጅ በዘመድ አላስገባም። እዚህ ልጃቸው ዐሥራ ስምንት የሞላው እናቶች ብዙ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት በደጄ ያልፋሉ። እንዴት እንደሚፈተን ጻፍልኝና ፈትኜ እልክልሃለሁ።

ውባለም ደብዳቤህን ሳነብላት አለቀሰች፤ ወረቀቱንም ሳመችው። እኔ ለመጻፍ ያሰብኩትን ስነግራት ግን «የምን ፈተና?» አለችኝ። «መንፋት መቼ አቃተው? እሳት ሲያያይዝ አይተኸው አታውቅም?»

ቀለመ ወርቅ ካሣሁን


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀለመ ወርቅ

የቤተ ልሔሟ እመቤት ከነቤትዎ ትጠብቅዎ። ቁጣዎን አንብቤ ሳቅሁ፤ ተማሪዎ የነበርኩ ያህል ፈራሁም።

ስለ ኑሮው እውነቱን ልንገርዎ። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ቫዮሊን የሚመታ ሰው በብዛት ይይዛል፤ ቱባ ግን አንድ ነው። በጀርመን አብረውኝ ቱባ የተማሩ ልጆች ወንበር የሚጠብቁት እኛ አገር የደብር አለቅነት እንደሚጠበቀው ነው፤ የያዘው ሰው ካልሞተ ወይም ጡረታ ካልወጣ አይገኝም። አንዱ ጓደኛዬ በየሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ቱባ ነፊ ሊጠይቅ ይሄድ ነበር። ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸዋል። በሩን ከፍተው «ዛሬም አልሞትኩም፤ ግባ፣ ቢራህን ጠጥተህ ሂድ» ይሉት ነበር።

ዩፎኒየም ደግሞ ኦርኬስትራ ውስጥ ቋሚ ወንበር የለውም። ቦታው ማርሽ ባንድ ነው፤ በአገራችን ማርሽ ባንድ ያለው የደንብ ልብስ የለበሰው ዘንድ ነው፣ ጦሩና ፖሊሱ ዘንድ። ክላርኔትና ሳክስፎን የያዘ ሆቴል ይሠራል፣ ሠርግ ይጠራል። ቱባ ታቅፎ ሠርግ የሄደ ሰው ግን አላውቅም፤ ሙሽራዋም ትደነግጣለች። ማስተማር አለ፣ ለእኛ ዓይነቱ መሣሪያ ግን አንድ መምህር ለአገር ይበቃል። ጥርሱ የወለቀ ነፊ ዕድል ከቀናው ኖታ ገልባጭ ወይም መሣሪያ ጠጋኝ ይሆናል። ጠባብ ሥራ ነው ጋሼ። ጥቂት ሰው ነው የሚኖርበት፣ እስከ ጡረታ ግን ይኖርበታል።

ታዲያ ምን ይዞህ ተቀመጥክ ቢሉኝ፦ የእኛ ድምፅ ከታች የሚሸከም ነው። ሲኖር ማንም አያስተውለውም። ሲጎድል ግን የሰልፈኛው ሁሉ እግር መሬት ያጣል። እኔ ይህን እወደዋለሁ።

ለፈተናው የዩፎኒየሙን አፍ፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍበትን ብረት፣ ነቅዬ በአንድ ሾፌር እጅ ልኬልዎታለሁ። ልጆቹ ከንፈራቸውን ገጥመው እንደ ንብ ያርገብግቡበት፤ ሳያቋርጡ የሚያቆዩትን ይመልከቱ። ከዚያ ዜማ የሚያውቅ ሰው አንድ ሐረግ ያሰማቸውና እንደ ሰሙት ይመልሱ። ትንፋሽ በልምምድ ይገኛል። ጆሮ ግን ቶሎ አይገኝም።

ደግሞም ጋሼ፣ ማንም ሳያየው ይሁኔን ብቻ ቢፈትኑትም ፈተና ነው።

ቻላቸው


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለቻላቸው

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርህን ሰርዤ ቀሪውን በደስታ አነበብኩ።

ፈተናው ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተደረገ። ዜማውን እንዲያሰሙልኝ መሪጌታ መንግስቴን ለመንኳቸው። ብረቷን ሲያዩ «ይቺ ናት ልጅ የምታስቀጥር?» ብለው ገለበጧት፤ ነፉባትና እንደ ጥጃ ስታምቧ በግንባራቸው አማተቡ። ልጆቹ እስኪበቃቸው ሳቁ።

በትንፋሽ ይሁኔን የሚደርስበት አልተገኘም። የናቱ ፊት በመስኮት በኩል ሲበራ አየሁት። ቀጥሎ መሪጌታ አንድ ሐረግ አሰሙትና መለሰ። ደግመው አሰሙት። ደግሞ መለሰ። «ልጅየ» አሉት በርኅራኄ፣ «የኔን ተውከውና የራስህን ጀመርክ እኮ።» ሦስተኛ ዕድል ስጡት አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለሌላ ልጅ ሳይሆን ለእርሱ ብቻ ነው፤ መዝግበው። በሦስተኛውም ከሁለተኛው ራቀ። እርሱ ራሱ ነው ብረቷን በነጠላው ጠርጎ የመለሰልኝ። «አባየ፣ ሒሳብ ቢሆን ኖሮ» አለኝና ፈገግ አለ።

ያለፈው ደምሌ ይባላል፤ የጌጤ ልጅ። ጌጤ ባሏ የሞተባት፣ ከቤቴ በታች ጠላ እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት። ልጁ ቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ካለ ዜማ ቤት ምዕራፍና ጾመ ድጓ ሲማር አድጎ ዘግይቶ ነው ወደ እኛ የመጣው፤ በትምህርቱ መካከለኛ ነው። መሪጌታ ያሰሙትን ሲመልስ ግን እርሳቸው የዘነጓትን አንዲት የዜማ ምልክት፣ ርክርክን፣ ጨምሮ መለሰላቸው። ሽማግሌው ተነሥተው ሳሙት።

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የመጣው እርሱ ነው። አስተምረው። ውባለም አታናግረኝም። ምግብ ታቀርብልኛለች፤ ጨው ግን ረስታለች።

ቀለመ ወርቅ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ቀለመ ወርቅ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ብዬ ነው።

ደምሌ እንዳሉት ነው። ጆሮው ያስፈራል። ኖታ ማንበብም አስተማርኩት፣ ቀስ ብሎ ያነባል። ባለፈው ሳምንት ሻምበሉ ፈተነው። ለመዘጋጃ የተሰጠውን ማርሽ ፊቱ ላይ ዘረጉለት። እርሱ ግን ወረቀቱን ገልብጦ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ በቃሉ ነፋው፣ አንድ ሳይሳሳት። ሻምበሉ «ለምን አታይም?» አለው። «ይዤዋለሁ ጌታዬ» አለ። «እንግዲያው ከአራተኛው መስመር ተነሣ» አለው። ደምሌ ግራ ገባው። «ከመነሻው ልነሣ?» ብሎ ለመነ። ሻምበሉ ማንበብ አይችልም ብሎ ጻፈበት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ወንበሩ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ክፍት ነው። ሻምበሉ ሌላ ሰው አምጣ ብሎኛል፤ ማንበብ ይቅደም፣ ጆሮው ቀስ ብሎ ይመጣል ይላል። ይሁኔ በሒሳብ ብርቱ ነው፣ ኖታ በሳምንት ይይዛል። ጋሼ፣ እርስዎ የሚገባውን አድርገዋል፤ ፈትነዋል፣ የሰው ልጅ አስቀድመዋል። አሁን ማንም አይወቅስዎትም። ቶሎ ይላኩት።

ቻላቸው


ንፋስ መውጫ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለሃምሳ አለቃ ቻላቸው ወልደማርያም

ጤና ይስጥህ።

ሻምበሉ ዜማ ቤት አላደረም፤ አይፈረድበትም። አንተ ግን እንደ ደምሌ ቤተ ልሔም ነው ያደግኸው። በቃል ትምህርት መምህሩ ፊት መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ «አልያዝኩም» ማለቱ እንደሆነ ታውቃለህ። ልጁ ወረቀቱን የገለበጠው ሻምበሉን ስላከበረ ነው። የዜማ ተማሪ ከመነሻው ሳይነሣ መካከሉን ፈልጎ እንደማያገኘውም ታውቃለህ፤ አንተን ራስህን ጀርመኖቹ እስኪያስለቅቁህ ድረስ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀብህ ያኔ ጽፈህልኝ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። «እኔም እዚያው ነበርኩ» ብለህ ጻፍክልኝ። አዎ፣ ነበርክ።

ለምን ዝም እንዳልክ አውቃለሁ። ለእኔ ብለህ ነው። የተቆጣሁትም ለዚህ ነው። ጠላቴ ብትሆን ኖሮ እንዲህ አልቆጣም ነበር።

ደብዳቤህን ለውባለም እንዳለ አነበብኩላት። ማንበብ ስለማትችል መዝለል እችል ነበር፤ በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር ግን አንድ መስመር ዘልዬባት አላውቅም። ሰምታ ስትጨርስ «እግዚአብሔር ሁለተኛ ጊዜ በሩን ከፈተልህ» አለችኝ። እኔም «ይህ እግዚአብሔር የከፈተው በር አይደለም፤ ቻላቸው ነው የከፈተው» አልኳት። «ታዲያ ቻላቸውን ማን ላከው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አንተ ካገኘህ ጻፍልኝ።

ይሁኔን አልልክም። ሻምበሉ ዘንድ ግባና የተባለውን ሁሉ አስረዳ። ደምሌ ከመካከል መነሣት ተምሮ እንደገና ይፈተን። ያኔ ከወደቀ ወደቀ።

ቀለመ ወርቅ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ

ስለ ዝምታዬ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

ሻምበሉን አስረዳሁት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ደምሌን አስጠርቶ «እኔ ፊት መጽሐፍ ማየት ነውር አይደለም፤ አለማየት ነው ነውሩ» አለው። ልጁ ላብ አጠመቀው። ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ከተባለበት መስመር ሁሉ እየተነሣ ነፋ። ተቀጥሯል። ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ለእትየ ውባለም ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ አላውቅም።

ቻላቸው


ንፋስ መውጫ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው

ክረምቱ መልካም ይሁንልህ። እዚህ ዝናቡ ዘንድሮ ደህና ጀምሯል፤ የሚዘራ ዘር የተረፈው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ይሁኔ ተጠርቷል። የትምህርት ቤት ፈተናውን በጨረሰ በሳምንቱ ነው። በጭነት መኪና ሲሄዱ ውባለም አልጮኸችም፤ መኪናው ታጥፎ እስኪሰወር ቆማ ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት ገባች። ጌጤ ከእርሷ ይልቅ አለቀሰች። ማሠልጠኛው ከእናንተ ወደ ደቡብ ነው ይባላል።

ያደረግሁትን አልተጸጸትኩበትም። ነገ ቢመጣም ያንኑ አደርጋለሁ። ይህን ጽፌ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩና ወደ ውጭ ወጥቼ ተመለስኩ።

ጥርሱ የወለቀ ነፊ ኖታ ገልባጭ ይሆናል ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ለመገልበጥ ጆሮ ያስፈልጋል? የይሁኔን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለህ፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ስሕተት አይጽፍም። ገልባጭ ካላችሁ የሰው ቦታ አትቀማልኝ። ከሌላችሁ ግን፣ ቦታው በእውነት ባዶ ከሆነ፣ ሻምበልህን ጠይቅልኝ። በዘመድ እየጠየቅሁህ ነው። ምን እየጻፍኩ እንደሆነ አውቃለሁ።

ቀለመ ወርቅ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ለጋሼ ቀለመ ወርቅ

እግዚአብሔር ያጽናዎ። ይህን ያልኩት ክፉ ስለሰማሁ አይደለም፤ ሌላ ቃል አጥቼ ነው።

ገልባጭ አልነበረንም፤ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነበር የምንገለብጠው። የማንንም ቦታ አልቀማሁም። ሻምበሉ «ምንህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወንድሜ ነው» አልኩት። ይሁኔ ወደ እኛ እንዲዛወር የሚጠይቅ ደብዳቤ ፈርሞ ላከልኝ። ማሠልጠኛው ደርሶ መልስ እስኪመጣ ግን የምልምሎቹ ምረቃ ደረሰ።

ለምረቃው ማርሽ እንድንነፋ የተጠራነው እኛው ነን። ቱባ ስታቀፍ ፊቴን ብረቱ ስለሚጋርደኝ ሰልፉን አላየሁም። በመካከሉ የዩፎኒየሙ ድምፅ ቆመ። ዞር ስል ደምሌ መሣሪያውን ከአፉ አውርዶ ወደ ሰልፉ ያያል። እኔ ብቻዬን ከታች ይዤ ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ ገባ፤ ትንፋሹ ግን እየተቆረጠ ነበር። በኋላ ሻምበሉ ተቆጣው። ለእኔ ብቻ «ይሁኔ ነው፤ አየኝ፣ እጁን አነሣልኝ» አለኝ።

ጦሩ በዚያው ቀን ወደ ሰሜን ተጓዘ። ደብዳቤያችን በማግስቱ «ተመድቧል» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ።

ደምሌ ወንበሩን ልልቀቅለት ብሎኝ ነበር። አትችልም፣ ወንበር እንደ ጋቢ ለሰው አይደረብም አልኩት። አሁንም እያስተማርኩት ነው።

ቻላቸው


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለቻላቸው

አዲሱን ዓመት የእርቅና የጥጋብ ያድርግልህ፤ ሰላምታዬ ስለዘገየ ይቅር በለኝ። ጻፍ ጻፍ የሚለኝ ጠፍቶ ነው።

ከይሁኔ አንድ ወረቀት ደርሶናል። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል። ቀንም ቦታም የለበትም። ለውባለም አነበብኩላት። «ሌላ አለ?» አለችኝ። የለም አልኳት። እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖስታ በመጣ ቁጥር ያንኑ ትጠይቀኛለች።

ስለ ሞከርከው ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥህ። «ወንድሜ ነው» ማለትህን ውባለም ሰምታ መርቃሃለች። ከእንግዲህ ስለ ወንበር አልጠይቅህም። ደምሌም ወንበሬን ልልቀቅ የሚለውን ነገር ይተው። ፈትኜ ያሳለፍኩት ልጅ ነው፤ በደንብ ይንፋ። ከዚህ ያነሰ አልቀበለውም በለው።

የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው። ደምሌ ለናቱ በእኔ አድራሻ በየወሩ ይጽፋል። ጌጤ ማንበብ ስለማትችል የማነብላት እኔ ነኝ፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ በጠላ ቤቷ በኩል አልፌ። ረጅም ነው የሚጽፈው፤ የሚበላውን፣ የሚለብሰውን፣ አንተ የተቆጣኸውን ሳይቀር። እስቃለሁ፣ ትስቃለች።

ባለፈው የገበያ ቀን ጌጤ ጌሾ ልትመልስ ቤታችን መጣች። ከውባለም ጋር ከልጁ መሄድ ወዲህ እንዲህ ፊት ለፊት አልተቀመጡም ነበር። ውባለም አስቀመጠቻትና «ደምሌ ጻፈልሽ ወይ?» አለቻት። ጌጤ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች «ኧረ ወዲያ፣ ምን ይጽፋል፤ ከሄደ ድምፁንም አልሰማሁ» አለች። ከሁለት ቀን በፊት ነበር ያነበብኩላት።

ውባለም ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው?» አለችኝ።

«እውነት ነው» አልኳት።

ለጌጤ ጠላ ቀዳችላት። ሁለቱም አብረው ጠጡ፤ «የወንድ ልጅ ነገር» እያሉ ልጆቻቸውን አብረው አሙ። ከሰኔ ወዲህ ውባለም እንዲህ ስታወራ አልሰማሁም።

ስለዚህ ደምሌ መጻፉን አይተው። ግን ከእንግዲህ በእኔ ቤት በኩል አይላክ፤ ፖስታውን «ለትምህርት ቤቱ» ብሎ ይላክልኝ በለው።

ቀለመ ወርቅ ካሣሁን